ልጅን ከትምህርት ቤት ወደ ትምህርት ቤት ስለ ማዛወር

በነሐሴ ወር፣ ክረምቱ ሳይወጣ፣ በቡራዩና በሰበታ በሱሉልታም በብዙ ቤት ውስጥ አንድ ዓይነት ምክር ይመከራል። ይኸውም፣ ልጃችን በለመደው ትምህርት ቤት ይቈይ ወይስ ወደ ሌላ እናዛውረው? የሚል ነው። ምክሩ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ቀላል አይደለም። ሰው የሚኖርበትን ቤት ወይም የሚሠራውን ሥራ ቢለውጥ ጥቅሙም ጕዳቱም በራሱ ላይ ይደርሳል። ልጁን ቢያዛውር ግን የሚመርጠው አንዱ ሲሆን የሚሸከመው ሌላው ነው፤ የሚሸከመውም ገና ዐሥር ዓመት ያልሞላው ሕፃን ነው። ስለዚህ ነገሩን ረጋ ብሎ መመልከት ይገባል።

ጭንቀቱ አዲስ አይደለም። በቀድሞ ዘመን በደጋው አገር የክርስቲያን ልጅ የሚማረው በቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። ፊደል ይቈጥራል፤ ቀጥሎ ንባብ ይማራል፤ ከዚያም ዳዊት ይደግማል። ዳዊት የደገመ ልጅ በአገሩ እንደ ተማረ ሰው ይቈጠር ነበር። የእስላም ልጅም በቁርኣን ቤት እንዲሁ ይማር ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ግድም በአዲስ አበባ በስማቸው የሚጠራውን ትምህርት ቤት ባቋቋሙ ጊዜ ግን ጥርጥር ሆነ። ካህናቱ፣ ልጆች የፈረንጅን ቋንቋ ሲማሩ ሃይማኖታቸውን ይለውጣሉ ብለው ፈሩ፤ ስለዚህም መምህራኑ ከአውሮጳ ሳይሆን ከግብፅ ከቅብጦች ወገን መጡ። ከዚያም በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1931 ደግሞ የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት ተከተለ። ልጁን ከቄሱ እጅ ወስዶ ወደነዚህ የሰደደ አባት ሁሉ የሚያውቀውን ትቶ የማያውቀውን መርጧል። የዛሬዎቹ አባቶችና እናቶች ብቻቸውን የተጨነቁ አይምሰላቸው።

በወለጋ በኩል ጥያቄው ስለ ቋንቋ ነበር። ኦኔሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ በምጽዋ አጠገብ በምንኩሉ ሳሉ የኦሮምኛ የንባብ መጽሐፍ አዘጋጅተው እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1894 አሳተሙ፤ መጽሐፍ ቅዱስም በኦሮምኛ ተተርጕሞ በ1899 ታተመ። ሁለቱም የተጻፉት በግዕዝ ፊደል ነው። ኦኔሲሞስ በ1904 ወደ ነቀምቴ ገብተው ልጆችን በሚሰሙት ቋንቋ ማስተማር ቢጀምሩ ብዙ ተቃውሞ ደረሰባቸው። ከዚያም በኋላ ለረጅም ዘመን የመንግሥት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአማርኛ ሲሰጥ ኖረ። በ1984 ዓ.ም. ኦሮምኛ ቁቤ በሚባለው በላቲን ፊደል እንዲጻፍ ተወሰነ፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም ሕፃናት የመጀመሪያውን ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ደነገገ። የኦኔሲሞስ አሳብ ከዘጠና ዓመት በኋላ ሕግ ሆነ ማለት ነው፤ ፊደሉ ግን ሌላ ሆኖ መጣ።

መናገሻ የሚለው ስም የንግሥ ስፍራ ማለት ነው፤ በቀድሞ አስተዳደር አውራጃው በዚህ ስም ይጠራ ነበር። ዛሬ ቡራዩ፣ ሰበታና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. በተቋቋመው በሸገር ከተማ ውስጥ ይገኛሉ፤ ሸገርም የኦሮሚያ ክልል ከተማ ነው። አዲስ አበባ ግን የራሷ አስተዳደር አላት። ስለዚህ ከአስኮ ወደ ቡራዩ የሚሄድ ሰው፣ መንገዱ ሳይቋረጥበት፣ ከአንድ የትምህርት አስተዳደር ወደ ሌላው ይሻገራል። ከዚያኛው ወገን አብዛኛው የመንግሥት ትምህርት ቤት በአማርኛ ይጀምራል፤ ከዚህኛው ወገን በኦሮምኛ ይጀምራል፤ በአንዳንድ ስፍራም የአማርኛ ክፍል አለ። 9ኛ ክፍል ሲደርስ ሁሉም እንግሊዝኛ ይጠብቀዋል። የቤት ኪራይ ከመሃል ከተማ ያስወጣው ብዙ ሕዝብ በነዚህ ከተሞች ሰፍሯል። ሥራው በአዲስ አበባ፣ መኝታው በቡራዩ ነው። ልጁ የት ይማር ቢባል፣ መልሱ በሁለት መካከል የቆመ ነው።

በቡራዩ የሚኖሩ አንድ ባልና ሚስት ለዚህ ምሳሌ ይሁኑ። ባልየው በመርካቶ ልብስ ሰፊ ነው፤ ሚስቲቱ እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤቶች ታቀርባለች። እርሱ በአዲስ አበባ ያደገ ስለ ሆነ ከአማርኛ በቀር ሌላ አያነብም። እርስዋ የሱሉልታ ልጅ ናት፤ ኦሮምኛ የእናትዋ ቋንቋ ነው፤ ነገር ግን ትምህርቷን በ2ኛ ክፍል ስላቋረጠች ቁቤን የምታነበው በብዙ ዝግታ ነው። ሁለት ልጆች አሏቸው። ትልቋ ሴት ልጅ በ2015 ዓ.ም. በሰፈሩ ባለ የመንግሥት ትምህርት ቤት 3ኛ ክፍል ነበረች። ከአባቷ ጋር በአማርኛ፣ ከእናቷና ከአያቷ ጋር በኦሮምኛ፣ ከጓደኞቿ ጋር በሁለቱም ትነጋገራለች፤ የትኛው የትኛው እንደ ሆነ አስባ አትመርጥም።

የአባትየው አሳብ ከሁለት ወገን መጣ። አንደኛው ከቤቱ ነው። ልጅቱ የቤት ሥራ ይዛ ስትመጣ ደብተሩን ተቀብሎ ይመለከታል፤ የሚመለከተውን ግን አያነበውም። በገዛ ልጁ ደብተር ፊት መሃይም መሆን ምን ያህል እንደሚከብድ ያልደረሰበት ሰው አያውቀውም። የሒሳብ ውጤቷም ከዓመት ወደ ዓመት ዝቅ እያለ ሄደ፤ እርሱም ጥፋቱን በቋንቋውና በትምህርት ቤቱ ላይ ጣለ።

ሁለተኛው ከስፌት ቤቱ ነው። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት 896,520 ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ መሆናቸው በጥር 2015 ዓ.ም. ሲነገር፣ ሰፊዎቹ መቀሳቸውን አስቀምጠው አዳመጡ። ይህ ከመቶ 3.3 መሆኑ ነው። ተማሪ ካስፈተኑት 2,959 ትምህርት ቤቶችም 1,161ዱ አንድ ተማሪ እንኳ አላሳለፉም። (በ2017 ዓ.ም. የተፈተኑት ከመቶ 8.4 አልፈዋል፤ የተሻለ ነው፤ ቢሆንም የሚያስደስት አይደለም።) ከዚያ ቀን ጀምሮ እያንዳንዱ ሰፊ ልጁን ስለሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ይናገር ጀመር፤ ስለ ልጁ ትምህርት ግን የተናገረ አልነበረም።

አባትየው በግንቦት ወር አንድ ማታ ወደ ቤቱ ሲገባ ልቡ ቈርጦ ነበር።

«ልጅቷን አስኮ እኅቴ ዘንድ እናስቀምጣት፤ እዚያ በአማርኛ ትማር። ምግቡም ደብተሩም የደንብ ልብሱም በነፃ ነው» አለ።

ይህ እውነት ነው። የአዲስ አበባ አስተዳደር ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ሕፃናትን እየመገበ፣ ደብተርና የደንብ ልብስም እየሰጠ ያስተምራል። እንጀራ ጋግራ ለምታድር እናት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ነገር ግን ሚስቲቱ እጇን ከሊጡ ሳታወጣ፣

«እርስዋ ምን አጠፋች?» አለችው።

መልሱ ከጥያቄው ጋር የማይገናኝ ይመስላል፤ ነገሩን የያዘው ግን እርሱ ነው። ሕፃን ልጅ መዛወርን እንደ ዕድገት አያየውም። ጓደኞቹን፣ መምህሩን፣ የተቀመጠበትን ዴስክ የሚያሳጣ ቅጣት ሆኖ ይታየዋል። ወላጅ የሚያዛውርበት ምክንያት ለሕፃኑ ሊነገርና ሊገባው የሚችል ካልሆነ፣ ምናልባት ለወላጁም ገና አልገባውም ይሆናል።

ስለ ቍጥሩም ነገር አንድ ቃል መናገር ይገባል። ቍጥር የሚናገረውን መስማት መልካም ነው፤ የማይናገረውን ማስነገር ግን አይገባም። የ12ኛ ክፍል ውጤት የዐሥራ ሁለት ዓመት ሥራ መጨረሻ ነው፤ ጕድለቱ የጀመረበትን ስፍራ አያሳይም። ያንን ስፍራ ያሳየው ሌላ ምርመራ ነው። በ2002 ዓ.ም. አዲስ አበባን ጨምሮ በስምንት የአገሪቱ ክፍሎች፣ በስድስት ቋንቋዎች፣ ሕፃናት ምን ያህል እንደሚያነቡ ተመርምሮ ነበር። ከ2ኛ ክፍል ልጆች ከሦስቱ አንዱ የሚሆኑት፣ ለክፍላቸው ከተመጠነ ታሪክ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ምርመራው ኦሮምኛንም አማርኛንም የያዘ ነበር። እንግዲህ ጕድለቱ የአንድ ቋንቋ ወይም የአንድ ክልል ብቻ አልነበረም። በ2ኛ ክፍል ያላነበበ ልጅ በ4ኛ ክፍል የሳይንስ መጽሐፍ ቢሰጠው ሥዕሉን ያያል፤ በ9ኛ ክፍል እንግሊዝኛ ሲመጣበት ደግሞ ቃሉን ያለ ትርጕሙ በቃሉ ይይዛል። ትምህርት ቤት የሚመረጥበት የመጀመሪያው ሚዛን ይህ ነው፤ ልጁ አንብቦ ያስተውላልን?

ይህን ለመመርመር የተማረ ወላጅ መሆን አያስፈልግም። የቡራዩዋ እናት ያደረገችው ይህን ነው። ከጎረቤት ልጅ የ4ኛ ክፍል መጽሐፍ ተውሳ፣ ልጇ አይታው የማታውቀውን ገጽ ገልጣ ሰጠቻት። «ጮኸሽ አንብቢልኝ» አለቻት። ልጅቱ አነበበች። ከዚያም መጽሐፉን ከድና «አሁን ደግሞ ለአያትሽ አውሪላቸው» አለቻት። ልጅቱ ያነበበችውን በራሷ አነጋገር አወራች፤ አንድ ቃል ብቻ ምን ማለት እንደ ሆነ አላወቀችም፤ አያቷም አላወቁትም። በቀድሞ ጊዜ ዳዊትን ከዳር እስከ ዳር ደግሞ ከግዕዙ አንዲት ዐረፍተ ነገር መተርጐም የማይችል ብዙ ልጅ ነበር። ጮኾ ማንበብ አንድ ነገር ነው፤ ማስተዋል ሌላ ነው። ይህች ልጅ ሁለቱንም ይዛለች። አባትየው በበኩሉ አንድ የአማርኛ ጋዜጣ ሰጥቶ ቢሞክራት ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየቈጠረች ሦስት መስመር ለመጨረስ ብዙ ቈየች።

በማግሥቱ ስፌቱን ትቶ ወደ ልጁ ትምህርት ቤት ሄደ። ብዙ አባት የልጁን ትምህርት ቤት ከበሩ በስተቀር አያውቀውም፤ በምዝገባ ቀን ይመጣል፣ በሰኔ ካርድ ለመቀበል ይመጣል፤ በሁለቱም ቀን ትምህርት የለም። እርሱ ግን ርእሰ መምህሩን አስፈቅዶ በክፍሉ መጨረሻ ተቀመጠ። መልካም ያልሆነውን ሁሉ አየ። መንግሥት ለመጀመሪያ ደረጃ ያወጣው ልክ በአንድ ክፍል 50 ልጅ ነው፤ እርሱ ቈጥሮ ከዚያ በላይ አገኘ። አዲሱ የትምህርት መጽሐፍ በጊዜ አልደረሰም ነበርና ለአራት ልጆች አንድ መጽሐፍ ነበር። የውኃው ታንከር ደረቅ ነው። የሴቶቹ መጸዳጃ በር የለውም።

መልካሙንም አየ። መምህርቷ የልጆቹን ሁሉ ስም ታውቃለች፤ የኋላውን ረድፍ ከፊተኛው እኩል ታስነብባለች። ትምህርቱ ሲያበቃ ስለ ልጁ ጠየቃት። እርስዋም፣ «መጽሐፍ ስታነብ አትሳሳትም፤ ከሰሌዳ ስትገለብጥ ግን ስድስቱን ስምንት፣ ሦስቱን አምስት አድርጋ ትጽፋለች። ሒሳቡን የምትስተው ቍጥሩን ከመጀመሪያው ስታ ስለምትጽፍ ነው። ዐይኗን ብታስመረምሩት መልካም ይመስለኛል» አለችው። አባትየው ሁለት ዓመት ሙሉ ትምህርት ቤቱን ሲወቅስ የኖረበት ነገር ይህ ነበር። ልጅቱ ከኋላ ትቀመጣለች፤ ሰሌዳው አይታያትም፤ እንደማይታያትም አታውቅም፤ ሁሉም ሰው እንደ እርስዋ የሚያይ ይመስላታል።

ሐኪም ቤት ወስደው መነጽር አደረጉላት። ዋጋው ለአንድ ወር የቤት ኪራይ የሚደርስ ስለ ነበረ እናትየው ከእቁቧ ወጪ አደረገች።

ይሁን እንጂ አባትየው የጀመረውን አላቋረጠም፤ ይህም ያስመሰግነዋል። በአስኮ በኩል ያለውን ትምህርት ቤት ደግሞ አየ። ግቢው ንጹሕ ነው፤ ልጆቹ ተሰልፈው ምሳ ይቀበላሉ። ክፍሉ ግን እንደ ቡራዩው ሁሉ የተጨናነቀ ነው። ርእሰ መምህርቷ በትሕትና ተቀብለው ከአነጋገሩት በኋላ ልጅቱ አማርኛ እንድታነብ ጠየቁ። እንዳነበበችው ባየ ጊዜ ነገሩ ለእርሱም ግልጽ ሆነ። መሸኛዋን ይዛ ብትመጣ እንኳ ከአንድ ክፍል ወደ ኋላ መመለስ እንደሚያስፈልጋት ነገሩት። አንባቢ ሆና የወጣች ልጅ ማንበብ ከማይችሉ ጋር ልትቀመጥ ነው። እውነት ነው፣ ማንበብን በአንድ ፊደል አጥብቆ የያዘ ልጅ ሁለተኛውን ፊደል ሲማር ከምንም አይጀምርም፤ በጥቂት ወራት ይደርስበታል። ያን ጥቂት ወር ግን በቤት መማር ይቻላል ወይስ ለእርሱ ሲባል አንድ ዓመት መክፈል ይገባል?

የመንገዱም ነገር አለ። ከቡራዩ በአሸዋ ሜዳና በአስኮ አድርጎ ወደ ዊንጌት የሚወርደው መንገድ ጧት ጧት ምን እንደሚመስል የሚያውቀው ያውቀዋል። ከሱሉልታ እንጦጦን ተሻግሮ ወደ አዲሱ ገበያ የሚወርደው፣ ከሰበታም በዓለም ገና አድርጎ ወደ አየር ጤና የሚመጣው እንዲሁ ነው። ሕፃን ልጅ በመሄድ አንድ ሰዓት፣ በመመለስ አንድ ሰዓት ቢያጠፋ በሳምንት ዐሥር ሰዓት ነው። ዓመቱ አርባ የትምህርት ሳምንት ቢኖረው አራት መቶ ሰዓት ይሆናል። በቀን አምስት ሰዓት የሚማር ልጅ ይህ ሰማንያ የትምህርት ቀን ማለት ነው። ሰማንያ ቀን በታክሲ ወንበር ላይ እንቅልፍ እያዳፋው የሚሄድ ልጅ ከምን ትምህርት ቤት ቢደርስ ያተርፋል?

አክስቱ ዘንድ ይቀመጥ ቢባል መንገዱ ይቀራል፤ ሌላ ነገር ግን ይመጣል። በዘመድ ቤት የተቀመጠ ልጅ እንዴት እንደሚኖር አገሩ ሁሉ ያውቃል። ዘመዶቹ ክፉዎች ስለ ሆኑ አይደለም። ወደ ሱቅ የሚላከው መጀመሪያ እርሱ ነው፤ ሲታመም የሚደብቀው እርሱ ነው፤ እናቱን ሲናፍቅ የሚያለቅሰው ብርድ ልብሱ ውስጥ ነው። የስምንት ዓመት ልጅ ከእናቷ የሚለያት ምክንያት በጣም ከባድ መሆን አለበት።

እንዲህ ያለ ከባድ ምክንያት መኖሩን የሚያስረዳ ስፍራ በሰበታ አለ። ከአዲስ አበባ 24 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከሚገኘው ከዚህ ከተማ የማየት ችሎታ የሌላቸው ሕፃናት በአዳሪነት የሚማሩበት መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ይገኛል። ወደዚያ ልጁን ከሩቅ ገጠር ይዞ የመጣ ወላጅ ጥሩውን ከተሻለው ሲያማርጥ አልነበረም። በመንደሩ ትምህርት ቤት ብሬልን የሚያውቅ መምህርም ብሬል መጽሐፍም ስለሌለ፣ የምርጫው አንዱ ወገን መማር፣ ሁለተኛው ወገን አለመማር ነበር። እንዲህ ያለው እናት ልጇን በሰበታ ትታ ስትመለስ አልቅሳ ትመለሳለች፤ ግን ለምን እንዳደረገችው ታውቃለች። አብዛኛው ዝውውር ከዚህ ጋር ቢመዛዘን ቀላል ሆኖ ይገኛል።

ሦስተኛም መንገድ አለ፤ እርሱም የግል ትምህርት ቤት ነው። በነዚህ ከተሞች በየመንገዱ ዳር ይታያል፤ አንዳንዱ በሚገባ የተሠራ ነው፤ አንዳንዱ ግን መኖሪያ ቤት ተከራይቶ፣ ግድግዳውን ቀለም ቀብቶ፣ በበሩ ላይ «ኢንተርናሽናል» የሚል ሰሌዳ የሰቀለ ነው። ከሰሌዳው በቀር ሌላ ከውጭ አገር የመጣ ነገር አይገኝበትም። ወላጆችን የሚስባቸው የእንግሊዝኛው ነገር ነው። የአራት ዓመት ሕፃን የቀለማትን ስም በእንግሊዝኛ ሲጠራ አባቱ ደስ ይለዋል፤ እንግዳ ሲመጣም ጥራ ይለዋል። ይህ ክፉ አይደለም። ነገር ግን ክፍያው በየዓመቱ ይጨምራል፤ በመካከል መክፈል ያልቻለ ወላጅ ልጁን ሁለተኛ ጊዜ ማዛወር ይሆንበታል። ልብስ ሰፊውም ክፍያውን ጠይቆ ከገቢው ጋር አስልቶ፣ አንዱን ልጅ እንጂ ሁለቱን ማስተማር እንደማይችል አይቶ ተወው። እርሱ ለመጀመሪያው ዓመት ሳይሆን እስከ 8ኛ ክፍል ስላሰላ ብልህ ነበር።

ይህ የወላጆች ምርጫ በሌላው ዓለም ሕግ ወጥቶለታል። በአሜሪካ በሚኒሶታ ግዛት፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት፣ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1991 ቻርተር የሚባሉ ትምህርት ቤቶች በሕግ ተፈቀዱ፤ የመጀመሪያውም በ1992 ተከፈተ። እነዚህ ገንዘባቸው ከመንግሥት ነው፤ ክፍያ አይጠይቁም፤ አሠራራቸውን ግን በራሳቸው ይወስናሉ፤ ከቦታቸው የሚበልጥ ልጅ ሲመጣ በዕጣ ይቀበላሉ። የመንግሥት ገንዘብ ልጁን ተከትሎ ስለሚሄድ፣ ልጆች የለቀቁት ትምህርት ቤት ገንዘቡ ይቀንሳል። በዚያ አገር ስለዚህ ነገር እስካሁን ብርቱ ክርክር አለ። በቡራዩ ልጁን ተከትሎ የሚሄድ ገንዘብ የለም። የሚሄድ ሌላ ነገር ግን አለ፤ እርሱም የወላጁ አፍ ነው። መጸዳጃው በር ይኑረው ብሎ የሚጠይቅ፣ መጽሐፉ ለምን ዘገየ የሚል፣ በስብሰባ ቀን ሥራውን ትቶ የሚመጣ ወላጅ፣ ልጁን ይዞ የሚወጣው እርሱ ነው። የሚቀሩት ለመጠየቅ ጊዜ የሌላቸው ወይም የሚፈሩ ናቸው። ይህ ሲባል ግን ወላጅ የገዛ ልጁን ለሌሎች ልጆች ጥቅም ይሠዋ ማለት አይደለም፤ እንዲህ ያለ ዕዳ በማንም እናት ላይ ሊጫን አይገባም። የሚወጣ ሁሉ ምን ይዞ እንደሚወጣ ይወቅ ለማለት ነው።

ባልና ሚስቱ በሰኔ መጨረሻ ካርዱ ከመጣ በኋላ ተቀምጠው መከሩ። በመነጽሩ ምክንያት ልጅቱ በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት መጨረሻ ሒሳቧን አሻሽላ ነበር፤ እጅግ ብዙ ባይሆንም የሚታይ ነው። በዚያው እንድትቀጥል ወሰኑ። አባትየው ማታ ማታ ግማሽ ሰዓት የአማርኛ ፊደል ሊያስተምራት ቃል ገባ፤ እርስዋም ቁቤ ልታስተምረው ተስማማች። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መምህርነቱ ያማራት ተማሪዋ ሳትሆን ልጅቱ ነበረች፤ አባቷ ሲሳሳት በእስክሪብቶ ጠረጴዛውን ትመታ ነበር። በመስከረም 2016 ዓ.ም. እርሱ ወደ ወላጆችና መምህራን ኅብረት ተመረጠ። ከኅብረቱ ጋር ሆኖ የመጸዳጃውን በር አሠራ። የውኃው ታንከር ግን የቧንቧ ውኃው በወረፋ ስለሚመጣ ዛሬም ብዙ ቀን ደረቅ ነው፤ የልጆቹም ቍጥር አልቀነሰም።

የጎረቤታቸውን ልጅ ወላጆቹ በዚያው ዓመት ወደ አዲስ አበባ አዛወሩት። እርሱም በደኅና እየተማረ ነው። ከአባቱ ጋር በአንድ ታክሲ ይሄዳል፤ የአባቱ ሥራ ቦታ ከትምህርት ቤቱ አጠገብ ነው፤ በቤቱም ከአማርኛ በቀር ሌላ ቋንቋ አይነገርም። ለእርሱ ያ የተሻለ ነበር።

እነዚሁ ባልና ሚስት ለታናሹ ልጅ ሌላ ምርጫ መርጠዋል። እርሱ እስከ ስድስት ዓመቱ በአዲስ አበባ ከአባቱ እናት ዘንድ ያደገ ስለ ሆነ ኦሮምኛ የሚሰማው በጥቂቱ ነው። እናትየው በመጽሐፍ የሞከረችውን በተረት ሞከረችው፤ በኦሮምኛ ብትተርትለት ሳቁ ሁልጊዜ ከእኅቱ ሳቅ በኋላ የሚመጣ ሆነ፤ እርስዋን አይቶ የሚስቅ ነበርና። ስለዚህ በ2017 ዓ.ም. ከቤታቸው በእግር ግማሽ ሰዓት በሚያስኬድ፣ የአማርኛ ክፍል ባለው ትምህርት ቤት አስገቡት። በቤት ግን እናቱ በኦሮምኛ ብቻ ትናገረዋለች።

ልጅቱ አሁን አማርኛውንም ኦሮምኛውንም ታነባለች። አባትየውም የቤት ሥራዋን ያያል፤ በቁቤ ጠን የሚያመለክተው ፊደል በእንግሊዝኛ ሌላ ድምፅ ስላለው እርሱ ላይ ሲደርስ እስካሁን ይሳሳታል። ስለ 9ኛ ክፍልና ስለ እንግሊዝኛው ምን እንደሚደረግ ግን ገና አልተስማሙም፤ እናትየው ጊዜው ሲደርስ ይታያል ትላለች፣ አባትየው ከአሁኑ መቈጠብ ጀምሯል።